ሁለተኛ ማርሽ

አባቴ ሲነዳ ሬዲዮ ይከፍታል፤
ድሮ ዝቅ አድርጎ፣ ዘንድሮ ያስጮኸዋል።
የአማርኛው ዜና ከካርሜል አናት
ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይፈሳል በመስኮት።

ለወራት ሰበብ ሲያበዛ፣ ዛሬ በግድ ገብቼ
ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ ቀበቶ ጎትቼ።
ከዜናው ሥር ሰማሁ፦
ሲጥጥ... ደግሞ ሲጥጥ...
ዘይት የናፈቀው የጓዳ በር ይመስላል።

"ምንድን ነው እሱ?" ስል፣
"ወፍ ነው" አለኝ አባቴ፣ መንገዱን እያየ።
ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚጮህ ወፍ የት ታየ?

የሐይፋ መካኒክ "ብሬክሲም" ይለዋል፤
አባቴ ግን ዛሬም "ፍሬን" ብሎ ይጠራዋል።
ቃሉን የተማረው ሊማሊሞ ላይ ነው፣
በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ረዳት ሆኖ ሲሠራ
በአንድ አሮጌ ፊያት፣ ከሾፌር አላምረው ጋራ።
ሥራው ታኮ መያዝ። መኪናው ሲቆም ዘሎ
ድንጋይ ከጎማው ሥር መወተፍ ቶሎ ቶሎ።
"በወጣህበት ማርሽ ውረድ" ይለው ነበር አላምረው፣
"ፍሬን ለክፉ ቀን ነው፤ ቁልቁለትን የሚይዘው ሞተር ነው።"

የነሼር ቁልቁለት ጀመረ።
ድሮ ግማሽ ላይ የሚይዘው ፔዳል
ወለሉን ሊስም ትንሽ ሲቀረው ያዘ።
መሪው እንደ ወባ በሽተኛ ተንዘፈዘፈ፤
መኪናው ወደ ግራ፣ ወደ አጥሩ፣ አንገቱን አዘመመ፤
የተለበለበ ቀንድ የመሰለ ሽታ በመስኮት ገባ።
ቀይ መብራቷ በርታለች። አባቴ ግን በላይዋ
የመንገድ ጸሎት ለጥፏል፤
በወረቀቱ አልፎ ይታያል ቅላቷ።

"አባዬ፣ ፍሬኑ..."
"ፍሬኑ ምን ሆነ? ይይዛል እኮ!"
ይይዛል። እሱም ይይዛል፤
መሪውን ይይዛል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣
ላቡ ከአገጩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

ቼክ ፖስት ደረስን።
ናዲም የኡስፊያ ሰው ነው፣ ወሬ አያበዛም፤
ጎማውን ፈታ፣ ሸራውን አወጣ፣ ምንም አላለም።
መዳፌ ላይ አኖረልኝ።
ከጥፍሬ የሳሳ። ሸራው አልቆ ብረቱ
ዲስኩን አርሶታል፣ ፈር አስይዞ በየክበቡ።
"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ በዕብራይስጥ።
አባቴ ጫማውን አየ።
"ከፋሲካ።"
ዛሬ ሐምሌ ገብቷል።
"የሊዮርን የመንጃ ትምህርት እየከፈልኩ ነበር"
አለኝ በአማርኛ፣ ናዲም እንዳይሰማ፤
"ልጁ ፈተናውን ይለፍ፣ ከዚያ ብዬ ነው እማ።"

አሁን ነው የገባኝ።
እኔ ጆሮዬን ለመኪናው ስሰጥ
ምልክቱ ሁሉ ሰውየው ላይ ነበር፦
ጎህ ሳይቀድ መውጣቱ፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፤
እናቴን በአውቶቡስ መላኩ፣ "መቀመጫው ቆሽሿል" እያለ፤
ከፊቱ ካለው መኪና ያን ያህል መራቁ፣
ከኋላ ጥሩንባ ሲነፉበት፣ ሲሰድቡት፣ እጁን አውጥቶ መሳቁ፤
ማታ ሰፈር ሲያቆም ደግሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በጨለማ፣
ያን የልጅነት ሥራውን...
(ጎረቤት "ምን ጠፋብህ?" ይለዋል።
"ቁልፍ" ይላል።)

ናዲም ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሸራ፣ ዲስክ፣ የፍሬን ዘይት።
ሒሳቡን ለሦስት ወር ከፋፈለልን፤
ዳገቱን ወጣን፣ ለሙከራ ደግሞ ልንወርድ ዞርን።
ሬዲዮው ዝም ብሏል።
ቁልቁለቱ አናት ላይ ቀይ መብራት ያዘን፤
አባቴ ፔዳሉን በጣቶቹ ጫፍ ነካው።
ቆምን። ወፍም የለ።
ሳቅ አለ።

አረንጓዴ ሲበራ ግን እጁ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሄዶ
ማርሹን ሁለተኛ ላይ ጣለ፤
ከኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ውስጥ፣
ታኮው ተንከባለለ።